«ፋይሉ አልከፈት አለኝ» ለምትሉኝ ሁሉ፦ የኤክስኤምኤል አጻጻፍ ደረጃ በደረጃ

ኤክስኤምኤል መረጃን በታጎች፣ ማለትም በ< እና > መካከል በሚጻፉ ስሞች፣ እየለየ የሚያስቀምጥ የፋይል አጻጻፍ ነው። ስለሱ በየጊዜው የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ኤክስኤምኤል ፋይል አዘጋጀሁ፤ ለዓይን ምንም አይጎድለውም፤ ፕሮግራሙ ግን አልቀበልም አለኝ። ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?» ፋይሉን ላኩልኝ እላለሁ፣ ይላክልኛል። ስከፍተው ወይ ያልተዘጋ ታግ ነው፣ ወይ ከወርድ ተገልብጦ የመጣ የተጠማዘዘ ጥቅስ ነው፣ ወይ ራቁቱን የቀረ & ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መጻፉ ስለሰለቸኝ ሁሉንም እዚህ አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እያነበባችሁ ሳይሆን እየጻፋችሁ ተከተሉ፤ ማንበብ ብቻውን እጅ አያፍታታም።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ኤክስኤምኤልን የሚያነበው ፕሮግራም ፓርሰር ይባላል። ፓርሰር ትርጉም አይገባውም፤ የሚያውቀው ምልክትን ከምልክት ማስተያየት ብቻ ነው። ድረ ገጽ በሚሠራበት በኤችቲኤምኤል አንድ ታግ ሳትዘጉ ብታልፉ ብሮውዘሩ «ይህን ለማለት ይሆናል» ብሎ ገምቶ ይሞላላችኋል። በኤክስኤምኤል ግን መገመት የለም፤ ስሕተት ያገኘ ፓርሰር መደበኛ ሥራውን እንዲያቆም ደንቡ ራሱ ያስገድደዋል። ሺህ መስመር ባለው ፋይል ውስጥ አንዲት ምልክት ብትጎድል ፋይሉ በሙሉ ተመላሽ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ቴክስት ኤዲተር። ኖትፓድ፣ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ፣ ቪኤስ ኮድ፣ የትኛውም ይሆናል። የመስመር ቁጥር የሚያሳይ ቢሆን ይመረጣል፤ ፓርሰሩ ስሕተትን የሚነግራችሁ በመስመር ቁጥር ነውና።
- ክሮም ወይም ኤጅ ብሮውዘር፣ ለመፈተሻ። ኢንተርኔት አያስፈልግም።
- አማርኛና እንግሊዝኛ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርበት ኪቦርድ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ስትደርሱ ይገባችኋል።
- በትእዛዝ መስመር መሥራት ለለመደ፣ ኤክስኤምኤል-ሊንት የሚባለው ነጻ መፈተሻ።

ወርድና መሰል የጽሑፍ ማቀናበሪያዎች በዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ ሆን ብዬ ነው ያስቀረኋቸው። ቀጥ ያለውን ጥቅስ ሳይጠይቋችሁ ያጠማዝዙታል፣ ሁለት ሰረዝ ስትጽፉ አንድ ረጅም ሰረዝ ያደርጉታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ስለ ግዕዝ ፊደል

በምሳሌዎቼ ውስጥ የታጎቹን ስም በአማርኛ ጽፌያለሁ፤ ትምህርቱ በዚያ ይቀላል። ይፈቀዳል ወይ? ይፈቀዳል፤ ግን በኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው። በቀደሙት አራት እትሞች ለስም የተፈቀዱት ፊደላት ዝርዝር በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዝርዝር) 2.0 ላይ የተመሠረተ ነበር፤ የኛ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 ነው። ዛሬም በአራተኛው እትም ደንብ የሚሠሩ ፓርሰሮች አሉ። ፋየርፎክስና የፓይተን መደበኛ ላይብረሪ የሚጠቀሙበት ኤክስፓት አንዱ ነው። ስለዚህ ልምምዱን ክሮም ወይም ኤጅ ላይ አድርጉት። ለሌላ ሰው ወይም ለሌላ ፕሮግራም የምትልኩት ፋይል ከሆነ የታጎቹን ስም በትናንሽ የላቲን ፊደላት ጻፉ። በታጎቹ መካከል የሚገባው ይዘት ግን በአማርኛ ቢሆን በየትኛውም እትም ችግር የለውም።

ደረጃ 1፦ ፋይሉን አስቀምጡ፣ ከዚያ ጻፉ

ኤዲተሩን ክፈቱና አንድ ፊደል ሳትጽፉ ፋይሉን አስቀምጡት። ሦስት ነገር አስተካክሉ፦ ስሙን፣ ቅጥያውንና ኢንኮዲንጉን (ፊደላቱ ወደ ባይት ተቀይረው የሚቀመጡበትን መንገድ)። ቅጥያው ነጥብ፣ ከዚያ ኤክስ፣ ኤም፣ ኤል የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት በትንንሹ ነው። ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 ይሁን።

በኖትፓድ ስታስቀምጡ የፋይል ዓይነቱን «ሁሉም ፋይሎች» ካላደረጋችሁት መጨረሻው ላይ የቴክስት ቅጥያ ይለጠፍበታል። ዊንዶውስ ቅጥያን ስለሚደብቅ እናንተ አታዩትም፤ ብሮውዘሩ ግን ያየዋል፣ ፋይሉንም እንደ ተራ ጽሑፍ ይከፍተዋል። «ስሕተት አይነግረኝም፣ የጻፍኩትን እንዳለ ያሳየኛል» ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ኢንኮዲንጉ ለምን? እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ፋይሉን አንሲ በሚለው ምርጫ ካስቀመጣችሁት ለፊደላችን ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ፋይሉን ዘግታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም፤ የጥያቄ ምልክቱ የየትኛው ፊደል ምትክ እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ደረጃ 2፦ ሁሉን የሚያቅፍ አንድ ኤለመንት

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

```
<ዕቃዎች>
</ዕቃዎች>
```

መክፈቻ ታግ፣ ይዘት እና መዝጊያ ታግ አንድ ላይ ኤለመንት ይባላሉ። በመዝጊያው ላይ ያለችው ስላሽ ብቻ ናት ሁለቱን የምትለያቸው። ይህ የውጭኛው ኤለመንት ሥር ኤለመንት ይባላል፤ በአንድ ፋይል ውስጥ አንድ ብቻ ነው የሚኖረው።

አስቀምጡና ፋይሉን ወደ ብሮውዘሩ ጎትታችሁ ጣሉት። ክሮም ከላይ «ይህ ፋይል ከቅጥ መረጃ ጋር የተያያዘ አይመስልም» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ይደነግጣል። ስሕተት አይደለም፤ «አንብቤዋለሁ፣ ግን በምን መልክ እንደማሳየው አልተነገረኝም» ማለቱ ነው። ስሕተት ሲኖር የሚመጣው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሳጥን ነው።

የተለመደው ጥፋት ሁለት ፋይል አንዱን ከሌላው በታች መለጠፍ ነው፦

```
<ዕቃ>ፕሪንተር</ዕቃ>
<ዕቃ>ስካነር</ዕቃ>
```

ፓርሰሩ የመጀመሪያው ሲዘጋ ሰነዱ አለቀ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ለሱ ትርፍ ነው፣ ያንኑ ይነግራችኋል። መፍትሔው ሁለቱንም በአንድ ማቀፊያ ውስጥ ማስገባት ነው።

ደረጃ 3፦ የከፈታችሁትን ዝጉ፣ በተራው ዝጉ

አሁን ውስጡን እንሙላው፦

```
<ዕቃዎች>
  <ዕቃ>
    <ስም>ፕሪንተር</ስም>
    <ብዛት>2</ብዛት>
    <ፎቶ/>
  </ዕቃ>
</ዕቃዎች>
```

ደንቡ አጭር ነው፦ መጨረሻ የተከፈተው መጀመሪያ ይዘጋል። ትንሹን ሳጥን ሳትዘጉ ትልቁን መዝጋት አይቻልም። ይህ ለምሳሌ አይሆንም፦

```
<ማስታወሻ>ይህኛው <ደማቅ>ተበላሽቷል</ማስታወሻ></ደማቅ>
```

ለምን ይከለከላል? ፓርሰሩ ፋይሉን የሚያየው እንደ ቤተሰብ ሐረግ ነው፤ እያንዳንዱ ኤለመንት አንድ ወላጅ ብቻ አለው። ታጎቹ ሲጠላለፉ «ደማቅ» የማን ልጅ እንደሆነ መናገር አይቻልም።

ይዘት የሌለው ኤለመንት `<ፎቶ/>` ተብሎ በአንድ ታግ ሊጻፍ ይችላል፤ `<ፎቶ></ፎቶ>` ከማለት ልዩነት የለውም። ስላሿ ከስሙ በኋላ ናት። ከፊት ካስቀመጣችኋት ሌላ ነገር ትሆናለች፣ መዝጊያ።

ከመስመሩ መጀመሪያ ገባ ብዬ የጻፍኩት ለዓይን ብቻ ነው፤ ለፓርሰሩ ግድ የለውም። በይዘት ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ ግን ይቆጠራል። `<ስም> ፕሪንተር </ስም>` ብላችሁ ከጻፋችሁ ስሙ ከፊትም ከኋላም ክፍተት ያለው ሆኖ ነው የሚተላለፈው። በኋላ «ፕሪንተር» ብላችሁ ስትፈልጉ አልተገኘም ካላችሁ አትገረሙ።

እኔ ያልተዘጋ ታግ የማይገኝብኝ በአንድ ልማድ ነው። መክፈቻውን እንደጻፍኩ ውስጡን ከመሙላቴ በፊት መዝጊያውን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ወደ መካከሉ እመለሳለሁ። ቪኤስ ኮድን የመሰሉ ኤዲተሮች በተጨማሪ አካል ይህን ራሳቸው ይሠሩላችኋል።

ደረጃ 4፦ ስሙን በሁለቱም በኩል አንድ አድርጉት

አማርኛ ጸሐፊዎች ከሌላው ይበልጥ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህን ተመልከቱ፦

```
<ዕቃ>
  <ስም>ስካነር</ስም>
</እቃ>
```

ምን ታያችሁ? አብዛኛው ሰው ምንም አይታየውም። መክፈቻው የተጻፈው በዓይኑ ዕ ነው፣ መዝጊያው በአልፉ እ። ስናነበው ድምፁ አንድ ነው፤ ለፓርሰሩ ግን የመጀመሪያው የዩኒኮድ ቁጥሩ 4821፣ የሁለተኛው 4773 ነው። ሁለት የተለያዩ ፊደላት፣ ሁለት የተለያዩ ስሞች፣ ስለዚህም አንድ ያልተዘጋ ታግና አንድ ባለቤት የሌለው መዝጊያ።

እኔ ራሴ በዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አጥፍቻለሁ። ብሮውዘሩ ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ጽፎ «አልተዛመዱም» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ሁለቱንም እያነበብኩ «አንድ ናቸው እኮ!» እላለሁ። ያገኘሁት ፊደሉን አጉልቼ ቅርጹን ሳይ እንጂ ቃሉን ሳነብ አልነበረም። የሚያነብ ዓይን ድምፅ ነው የሚሰማው።

የምትጠነቀቁባቸው እነዚህ ናቸው፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ፤ ከነዘሮቻቸው። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም እንደዚያው ናቸው። በላቲን ለሚጽፍ ሰው ተመሳሳዩ ወጥመድ ትልቁና ትንሹ ፊደል ነው፤ በትልቅ ፊደል የተከፈተ በትንሽ ፊደል አይዘጋም።

መከላከያው ቀላል ነው። የምትጠቀሙባቸውን ስሞች በሙሉ መጀመሪያ በአንድ ቦታ ዘርዝሩ፣ ከዚያ በእጅ አትጻፏቸው፣ ከዝርዝሩ ቅዱ። ፋይሉ ሲያልቅ ደግሞ የተሳሳተውን አጻጻፍ ፈልጉ፤ ለምሳሌ `</እቃ` ብላችሁ ፈልጉ። አንድም እንኳ ከተገኘ አስተካክሉ።

ስም ስታወጡ የሚከበሩት ደንቦች፦

- በ1፣ 2፣ 3 ቁጥር፣ በሰረዝ ወይም በነጥብ አይጀምርም። ከመጀመሪያው ፊደል በኋላ ግን ሦስቱም ይፈቀዳሉ።
- በኤክስ፣ ኤም፣ ኤል ሦስት የላቲን ፊደላት በዚህ ቅደም ተከተል አይጀምርም፤ ለደንቡ ለራሱ የተከለለ ነው።
- ሁለት ነጥብ (:) አታስገቡ፤ ስሞችን በወገን ለመለየት የተያዘ ምልክት ስለሆነ ፓርሰሩ ከሱ በፊት ያለውን ያልታወቀ ቅድመ ስም ነው ይላል።
- ባዶ ቦታ አይኖረውም።

የመጨረሻው ብዙ ሰው ይጥላል፣ ምክንያቱም በአማርኛ የነገር ስም ብዙ ጊዜ ሁለት ቃል ነው። `<የግዢ ቀን>` ብትሉ ፓርሰሩ የሚረዳው «የግዢ» የሚባል ታግ ከፍተው «ቀን» የሚባል ዋጋ የሌለው አትሪቢዩት (ደረጃ 5 ላይ የምናየው ተጨማሪ መረጃ) ጨመሩ ብሎ ነው። `<የግዢ_ቀን>` በሉት፣ ያልፋል። እግረ መንገዴን፦ አምስተኛው እትም ፊደላችን ያለበትን የዩኒኮድ ክልል በጅምላ ስለፈቀደ በ1 የማይጀምር ስም በ፩ ሊጀምር ይችላል፤ የድሮው የቃል መለያ ፡ እንኳ ስም ውስጥ ያልፋል። ይቻላል ማለት ይደረግ ማለት አይደለም፤ ከኋላችሁ ፋይሉን የሚይዘውን ሰው ማሳበድ ነው።

በ< እና በስሙ መካከልም ክፍተት አይገባም። `< ስም>` ስሕተት ነው፣ `</ ስም>` ስሕተት ነው። ከስሙ በኋላ ግን፣ `<ስም >` እንደሚለው፣ ችግር የለውም።

ደረጃ 5፦ አትሪቢዩቶችን በቀጥተኛ ጥቅስ ጻፉ

አትሪቢዩት በመክፈቻ ታግ ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ መረጃ ነው፦

```
<ዕቃ ቁጥር="1" ሁኔታ="የሚሠራ">
```

መዝጊያው እንደ ወትሮው `</ዕቃ>` ብቻ ነው፤ አትሪቢዩት መዝጊያ ላይ አይደገምም።

ዋጋው ሁልጊዜ በጥቅስ ውስጥ ነው፣ ቁጥር ቢሆንም። ድርብ ወይም ነጠላ ጥቅስ መጠቀም ትችላላችሁ፤ በጀመራችሁበት ጨርሱ። በዋጋው ውስጥ ድርብ ጥቅስ ካለ በውጭ ነጠላውን ተጠቀሙ፦ `ማስታወሻ='የ"ሙከራ" ዕቃ'`። አንድ አትሪቢዩት በአንድ ታግ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ሁለት ስልክ ቁጥር አለኝ ብላችሁ `ስልክ` የሚለውን ሁለቴ ብታስገቡ ፓርሰሩ የቱን እንደሚወስድ ስለማያውቅ ፋይሉን ይመልሰዋል። የሚደጋገም ነገር ካላችሁ ኤለመንት አድርጉት።

ጥቅሱ ራሱ ነው ዋናው ችግር። እነዚህ ሁሉ ለኛ ጥቅስ ናቸው፣ ለፓርሰሩ አይደሉም፦

```
ቁጥር=«1»
ቁጥር=“1”
ቁጥር=‹1›
```

የሚታወቁት ቀጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፦ " እና '። የተጠማዘዙት ከወርድ ይመጣሉ፤ «» ደግሞ ከአንዳንድ የአማርኛ ኪቦርዶች፣ ሁለቴ < ስትመቱ በራሳቸው ወደሱ ስለሚቀይሩት። ኪቦርዱን ቀያይሩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፦ ታግና ጥቅስ ስትጽፉ በእንግሊዝኛው፣ ይዘት ስትጽፉ በአማርኛው። አስቀድሞ የተበላሸ ፋይል ከሆነ ፈልጎ መተካት በሚለው መሣሪያ አስተካክሉ፤ ግን በጭፍን «ሁሉንም ተካ» አትበሉ፣ በይዘት ውስጥ ያሉት «» ምንም አላጠፉም።

ምን አትሪቢዩት፣ ምን ኤለመንት ይሁን? ደንብ የለውም። የኔ ልማድ መለያ ቁጥርና አጭር ምልክት የሆነውን አትሪቢዩት ማድረግ፣ ሰው የሚያነበውን ሁሉ ኤለመንት ማድረግ ነው። አንድ ተግባራዊ ምክንያት አለኝ፦ በአትሪቢዩት ዋጋ ውስጥ አዲስ መስመር ብትጀምሩ ፓርሰሩ ወደ ባዶ ቦታ ይቀይረዋል፤ ረጅም ማስታወሻ አንቀጹን ያጣል።

ደረጃ 6፦ የተከለከሉትን ምልክቶች ተኩ

ፓርሰሩ < ባየ ቁጥር ታግ ጀመረ ይላል፣ & ባየ ቁጥር ምትክ ምልክት ጀመረ ይላል። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ በይዘት ውስጥ እንዳሉ መግባት አይችሉም። ምትኮቹ እነሆ፦

```
<   በ  &#60;
&   በ  &#38;
>   በ  &#62;
"   በ  &#34;
'   በ  &#39;
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግዴታ ናቸው። > በተለምዶ ይተካል እንጂ ብዙ ጊዜ ቢቀርም ያልፋል። ጥቅሶቹ የሚያስፈልጉት በአትሪቢዩት ውስጥ ከማቀፊያው ጥቅስ ጋር አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብቻ ነው። አምስቱም በላቲን ፊደል የሚጻፍ አጭር ስም አላቸው፤ እኔ ቁጥሩን የምመርጠው ለሁሉም ምልክት በአንድ መንገድ ስለሚሠራ ነው።

በዚህ ደረጃ ሰው የሚሰናከልባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፣ አንድ በአንድ ልበላቸው።

ምትኩ የሚዘጋው በ; ነው፣ በእኛ ድርብ ሰረዝ ፤ አይደለም። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ እያላችሁ ከመታችሁት `&#38፤` ይሆንና ይወድቃል። ቁጥሩም 38 እንጂ ፴፰ አይሆንም።

የድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ & የተለመደ ነው፦

```
<አድራሻ>/ፍለጋ?ገጽ=2&ቋንቋ=አማርኛ</አድራሻ>
```

ፓርሰሩ ከ& በኋላ «ቋንቋ» የሚለውን የምትክ ስም ይመስለዋል፤ ; ሲጠብቅ = ሲያገኝ ያቆማል። `/ፍለጋ?ገጽ=2&#38;ቋንቋ=አማርኛ` ብላችሁ ጻፉት። አድራሻው ይበላሻል ብላችሁ አትስጉ፤ ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም የሚደርሰው መደበኛው & ነው።

ብዙ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ስትተኩ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ & ይተካል፣ ከዚያ ሌሎቹ። ብትገለብጡት < በ`&#60;` ይተካና፣ ቀጥሎ የዚያው & በተራው ይተካና `&#38;#60;` የሚል ይወጣችኋል። ፋይሉ ያለ ስሕተት ይከፈታል፤ አንባቢው ግን በ< ፈንታ `&#60;` የሚለውን ጽሑፍ ያያል። እንዲህ ያለው ጥፋት የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ፓርሰሩ አይነግራችሁም።

በኤችቲኤምኤል የለመዳችኋቸው ሌሎች አጫጭር ስሞች፣ ለምሳሌ የማይሰበረው ክፍተት ስም፣ በኤክስኤምኤል አይታወቁም። የማይሰበር ክፍተት ካስፈለጋችሁ `&#160;` ነው።

ከፒዲኤፍ የተገለበጠ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ የማይታይ የመቆጣጠሪያ ምልክት ተደብቆ ይመጣል። በኤክስኤምኤል 1.0 ከእነዚህ የተፈቀዱት ታብ፣ አዲስ መስመርና መመለሻ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ በቁጥር ምትክ እንኳ አይገቡም። መስመሩ ፍጹም ደህና መስሎ ስሕተት ካለበት ቦታውን በሙሉ አጥፍታችሁ በእጅ እንደገና ጻፉት።

በ< እና & የተሞላ ረጅም ጽሑፍ፣ ለምሳሌ የፕሮግራም ኮድ፣ ካላችሁ ሲ-ዳታ የሚባል ክፍል አለ፤ በውስጡ ያለው ሁሉ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጠራል። የሚዘጋው በ`]]>` ስለሆነ ያ ቅንብር በውስጡ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ።

ደረጃ 7፦ ማስታወሻ ለራሳችሁ

```
<!-- ይህን ዝርዝር ከመላኩ በፊት አጣራው -->
```

ፋይሉን የሚጠቀመው ፕሮግራም እንደ መረጃ አይወስደውም። ሁለት ነገር ብቻ፦ በመካከሉ ሁለት ተከታታይ ሰረዝ (--) አይገባም፤ በታግ ውስጥም አይጻፍም። በመጀመሪያው ደንብ ምክንያት አንዱን ማስታወሻ በሌላው ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ግማሹን ፋይል ለጊዜው በማስታወሻ ውስጥ ልደብቀው ስትሉ ውስጡ ሌላ ማስታወሻ ካለ ይፈነዳባችኋል።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው መስመር መግለጫ

በብዙ ፋይሎች አናት ላይ በ`<?` ተጀምሮ በ`?>` የሚያልቅ መስመር ታያላችሁ፤ የኤክስኤምኤሉን ሥሪትና ኢንኮዲንጉን የሚናገር ነው፣ በላቲን ፊደል ብቻ ይጻፋል። እስካሁን ያልጻፍነው ለ1.0 ግዴታ ስላልሆነና ኢንኮዲንግ ያልተነገረው ፓርሰር ዩቲኤፍ-8 ብሎ ስለሚጀምር ነው። ከጨመራችሁት ግን ፋይሉ ውስጥ የመጀመሪያው ነገር መሆን አለበት። ከፊቱ አንድ ባዶ መስመር፣ አንድ ክፍተት፣ ማስታወሻ እንኳ መቅደም አይችልም። መግለጫው የሚለው ኢንኮዲንግና ፋይሉ በእርግጥ የተቀመጠበትም አንድ ይሁኑ፤ መግለጫውን መቀየር ፋይሉን አይቀይረውም።

ደረጃ 9፦ ፈትሹ፣ ስሕተቱንም በአግባቡ አንብቡ

ፋይሉን አስቀምጡና ብሮውዘሩ ላይ አድሱት። ሮዝ ሳጥን ከመጣ ውስጡ የመስመርና የዓምድ ቁጥር አለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ቁጥሩ ፓርሰሩ ስሕተቱን *ያወቀበት* ቦታ ነው፣ እናንተ የተሳሳታችሁበት ላይሆን ይችላል። በመስመር 12 ላይ መዝጊያ ብትረሱ ፓርሰሩ ወዲያው አይነቃም፤ ምናልባት ሌላ ልጅ ኤለመንት ይመጣል ብሎ ይቀጥላል፣ የሚነቃው የማይዛመድ መዝጊያ ሲያጋጥመው ነው። ስለዚህ ከተባለው መስመር ጀምራችሁ ወደ ላይ ፈልጉ።

ብዙ ስሕተት ቢዘረዘር የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክላችሁ እንደገና ፈትሹ። የቀሩት ብዙ ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው፣ አብረውት ይጠፋሉ።

ቦታውን ጨርሶ ካጣችሁት የፋይሉን ቅጂ አውጡና ከሥር ኤለመንቱ ውስጥ ግማሹን ዝርዝር አጥፍታችሁ ፈትሹ። ስሕተቱ ከጠፋ በተሰረዘው ግማሽ ውስጥ ነበር፤ ካልጠፋ በቀረው ውስጥ ነው። ያንኑ ግማሽ እንደገና ግማሽ አድርጉ። ሺህ መዝገብ ያለው ፋይል በአሥር ዙር አንድ መዝገብ ላይ ይደርሳል።

ብሮውዘሩ ተቀብሎት የምትልኩለት ፕሮግራም አልቀበልም ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። አጻጻፋችሁ ትክክል ነው፤ ፕሮግራሙ ግን የጠበቀው ታግ ጎድሏል ወይም ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። ይህን የሚወስነው ስኪማ የሚባል የተለየ ሰነድ ስለሆነ ከፕሮግራሙ ባለቤት ጠይቁ፤ ብሮውዘር አይፈትሽላችሁም።

ሳጥኑ ምን ሲል ምን ማለቱ ነው

- *መክፈቻና መዝጊያ አልተዛመዱም*፦ ያልተዘጋ ታግ፣ የተጠላለፈ አዘጋግ፣ ወይም ያ የዕ እና እ ጉዳይ።
- *በሰነዱ መጨረሻ ትርፍ ይዘት አለ*፦ ከአንድ በላይ ሥር ኤለመንት፣ ወይም ከመጨረሻው መዝጊያ በኋላ የቀረ ጽሑፍ።
- *አትሪቢዩቱ ዋጋ የለውም*፦ በታግ ስም ውስጥ ክፍተት።
- *ጥቅስ ጠብቄ ነበር*፦ ጥቅስ የለም፣ ወይም «» ወይም የተጠማዘዘ ነው።
- *ሰሚኮለን ጠብቄ ነበር*፦ ራቁቱን የቀረ &፣ ወይም በ; ፈንታ የገባ ፤።
- *መግለጫው በመጀመሪያ ላይ ብቻ ነው የሚፈቀደው*፦ ከመግለጫው በፊት ባዶ መስመር ወይም ክፍተት አለ።
- *ሰነዱ ባዶ ነው*፦ ብዙ ጊዜ ሳታስቀምጡ አድሳችሁታል።